ወንድሜ የተጫነበት መኪና

ወንድሜ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ድምፁን የማያውቅ የለም። በመውሊድ መንዙማ ሲያወጣ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ፤ ሰርግ ላይ አምባሰልን ሲያንጎራጉር እስላሙም ክርስቲያኑም ዙሪያውን ይከበዋል። እኔ ከጅዳ ተመልሼ አስፋልቱ ዳር ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍቼ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያ ይቀመጥና ያዜማል።

የቢራ ፋብሪካው ወኪልም ያገኘው ሱቄ በር ላይ ነው። ከደሴ የመጣ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ሰው። ቢራን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከተከለከለ ወዲህ እነሱ ድምፅ ማጉያ በመኪና ጭነው፣ ቲሸርት እያደሉ በየገበያው ይዞራሉ።

"በአምባሰል አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ግጥሙን እኛ እንሰጥሃለን" አለው።

"እኔ መጠጥ አልጠጣም።"

"ጠጣ ማን አለህ? ዝፈን ነው ያልንህ።"

ማታ አባየ ሲሰማ መቁጠሪያውን አስቀመጠና፣ "ልጄ፣ ሰው ስትጠራ ወዴት እንደምትጠራው እወቅ" አለው።

"አባየ፣ ሥራ እኮ ነው። እዚሁ ሥራ ካገኘሁ እንደ እትየ ባሕር አልሻገርም።"

አባየ ወደ እኔ አየና መቁጠሪያውን መልሶ አነሣ። እኔን አረብ አገር የላከኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ይበለው?

በገበያው ቀን መኪናው መናኸሪያው አጠገብ ቆመ። ወንድሜ የቢራው ስም የተጻፈበት ቲሸርት ለብሶ ላዩ ላይ ወጣ። ግጥሙ፣ ጠርሙስ የጨበጠ ጎረምሳ ወንድ እንደሚባል፣ ኮረዳም እሱን እንደምትመርጥ የሚናገር ነው። ዜማው ግን የእኛው ነበር፤ ሰው ሁሉ እየተጎተተ መጣ። ከሁሉ ፊት የቆሙት ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ነበሩ። ሁለት ሴቶች ቢራ እየቀዱ ያድላሉ።

ሱቄን ትቼ ወደ ወኪሉ ሄድኩ። "እነዚህ እኮ ልጆች ናቸው!"

"እህቴ፣ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው መሸጥ ክልክል ነው" አለኝ በትሕትና። "እኛ ደግሞ አንሸጥም። እናቀምሳለን።"

ከሕዝቡ ዳር የጎረቤታችን ልጅ ቆሟል። ከወንድሜ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ፣ አባቱ የሞተበት፣ ለእናቱ አንድ የሆነ፣ ዓይነ አፋር ልጅ። ወንድሜ አየውና በማጉያው፣ "ና እንጂ! ምን ዳር ያቆምሃል?" ብሎ ጠራው። ሰው ሳቀ። ልጁም እያፈረ ወደ ፊት አለፈ፤ ቲሸርትም ብርጭቆም ተቀበለ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ተሰብስበው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሲሳሳቁ በሱቄ በኩል አልፈዋል። ዋና የሚችሉ ነበሩ፤ አብሯቸው የወረደው የጎረቤታችን ልጅ ግን አይችልም። የቀሩት ልብሳቸውን ሲያወልቁ እሱ እንደለበሰ ዘሎ ገባ አሉ። በማግስቱ ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ሲያወጡት ያ ቲሸርት ገላው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ጀናዛው ከወጣ በኋላ ሴቶቹ እናቱን "ሶብር አድርጊ" እያሉ ያጽናናሉ። እሷ አልሰማቻቸውም። "ልጄ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ማነው ወስዶ ያቀመሰው?" ትላለች ደጋግማ።

ወንድሜ ከወንዶቹ መሐል ተነሥቶ ፊቷ ተንበረከከ። "እኔ ነኝ የጠራሁት።"

ቀና ብላ አየችው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እኔ ወኪሉን ፍለጋ ውጫሌ ገበያ ድረስ ሄድኩ። መኪናው ቆሟል፤ ላዩ ላይ ሌላ ልጅ ያንኑ ዘፈን ይዘፍናል። የሆነውን ነገርኩት። ከልቡ የደነገጠ መሰለኝ።

"አላህ ያጽናችሁ። ግን እህቴ፣ ሐይቁን እኛ አላመጣነው" አለኝ።

ከጎኔ ጺም ያላወጡ ልጆች አንዱን ብርጭቆ እየተቀባበሉ ይጎነጫሉ። ቀማሁና ደፋሁት፤ ሳቁብኝ። ቢራ የምታድለዋ ሴት ሌላ ቀዳችላቸው።

ወንድሜ ትምህርቱን ተወ። በበልጉ የአባየን በሬዎች ጠምዶ የሟቹን እናት መሬት ማረስ ጀመረ፤ የሚያርስላት ልጇ ነበራ። በሯን ዘግታ ትውላለች። አንድ ቀን ግን ማሳው ዳር ድረስ መጣች። ምሳ ይዤለት ሄጄ ስለነበር ሰማኋት።

"ማረሱን እረስ" አለችው። "ግን በሬዎቹን ስትጣራ ድምፅህ ቤቴ ይገባል። እሱን አልቻልኩትም።"

"እሺ እማየ" አላት መሬት መሬት እያየ።

ከዚያ ወዲህ አፉን ዘግቶ ነው የሚያርሰው። በሬዎቹ ያለ ድምፅ አልለመዱምና ትልም መሐል ላይ ቀጥ ይላሉ። እሱም እርፉን ይዞ አብሯቸው ይቆማል። ከዚያ ወደ ፊት ይሄድና ቀንበሩን በእጁ እየጎተተ ያስነሳቸዋል።