በዐባያ እጅጌ የተነሣች ዓሣ

ባየልኝ እሱ ቢታማ ግድ የለውም፤ ዓሣው ስትታማ ግን ደሙ ይፈላል። በመተማ ዮሐንስ ትራክተር እየነዳ በረንዳው ላይ በመስታወት ሣጥን ዓሣ የሚያኖር ከእሱ ሌላ ካለ ይምጣና ይታይ! ባለፈው ክረምት ከጓንግ ወንዝ ውኃ ሲቀዳ ጣት የሚያህሉ ሁለት የቆሮሶ ዓሦች ጀሪካኑ ውስጥ ገቡለት። ወንዱ በቅርቡ አንድ ቀን ከሣጥኑ ዘሎ የድመት ሲሳይ ሆነ። ሴቷ ግን ደልባ መዳፍ አከለች፤ ባየልኝም "ወይዘሮ" ብሎ ስም አወጣላት።

ጣጣው የመጣው ወይዘሮ የወለደች ሰሞን ነው። አማቱ እማማ ዙፋን መውለጃዋ የደረሰውን ልጃቸውን ሃይሚን ሊያርሱ ከሳንጃ መጥተው ነበር። አንድ ጧት ወደ ሣጥኑ ጠጋ ቢሉ ደቃቅ ግልገሎች ሲዋኙ አዩ። ጥላቸው ሲያርፍባቸው እናቲቱ አፏን ከፈተችና ሁሉንም ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።

"በስመ አብ! ልጆቿን በላች!" ብለው ጮኹ። "ልጅ የምትበላ አውሬ ልጄ ከምትወልድበት ቤት አትከርምም። እስከ እሑድ ወይ ጓንግ መልሳት፣ ወይ መጥበሻ ላይ አውጣት!"

"ኧረ እማማ፣ አፏ ውስጥ ደብቃቸው ነው። ትንሽ ቆይተው ይዩ፣ መልሳ ታወጣቸዋለች" ቢል ማን ይስማው። እማማ ዙፋን ሁለተኛ ወደ ሣጥኑ አንገታቸውን አላዞሩም። ሃይሚ እንኳ ሆዷን ይዛ ፊቷን መለሰች፤ አንጀቱን ያቃጠለው ይኸ ነው።

አሁን ማስረጃ ልታመጣለት የቀረችው ያገለገለች ከገበያ የገዛት ትንሽ ካሜራው ናት። በፍላሽ ቢያነሣ መስታወቱ ላይ ነጭ ብርሃን ፈነዳ እንጂ ዓሣ የለም። ፍላሹን ቢያጠፋ ደግሞ በዓሣዋ ቦታ የራሱ ፂምና ቢጫ ከነቴራው ጉብ አሉ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ መስታወቱ ላይ የደረቀው የውኃ ነጠብጣብ ኩፍኝ መስሎ ወጣ።

ሃይሚ አየችውና፣ "ልጆቹን የበላኸው አንተ ነህ በለኛ!" ብላ ሳቀችበት።

መላውን ያመጣችው ጎረቤቱ ረፊቃ ናት፤ የሽቶና የጨርቅ ሱቅ አላት። "ወላሂ፣ ነጭ ቶብ ለብሼ ስመጣ በሱቄ መስታወት የማየው ራሴን ነው፤ ጥቁር ዐባያ ስለብስ ግን የውስጡን ዕቃ አየዋለሁ። እንካ፣ ይቺን አሮጌ ዐባያዬን ስቀላት።"

ቅዳሜ ጧት ፀሐይዋ ከላይ ውኃው ውስጥ ስትገባ ባየልኝ መስታወቱን በሎሚ ወልውሎ፣ ዐባያውን በገመድ ከሣጥኑ ፊት ሰቀለው። እሱ ከኋላ ሆኖ ካሜራውን በእጅጌው አሾለከና ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ያ ፂም የለ፣ ያ ቢጫ ከነቴራ የለ! ዓሣዋን እየተከተለ ሲያነሣ ግን ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ሆነበት። ስለዚህ እሷ የምትወደው ድንጋይ ላይ አነጣጠረ፤ ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭኖ ትንፋሹን ዋጠና እስክትመጣ ጠበቀ።

መጣች። ግልገሎቹም ሰው የሌለ መስሏቸው ከአፏ ወጡ። የባየልኝ ልብ እንደ ትራክተር ሞተር ይመታ ጀመር።

"ረፊቃ፣ እጅሽን አንዴ ከላይ አሳልፊ!" አላት፣ በጎን ተሸሽጋ የምታየውን ጎረቤቱን።

ጥላው አለፈ። እናቲቱ አፏን ከፈተች፤ ገቡ፤ ቀጭ! ከአፏ ውስጥ ደቃቅ ዓይኖች ተደርድረው ወደ ውጭ አዩ፤ ቀጭ! ጥላው ሲነሣ አንድ በአንድ ተመልሰው ወጡ፤ ቀጭ፣ ቀጭ!

"ያ ሰላም!" አለች ረፊቃ። ባየልኝ ዐባያው ጭንቅላቱ ላይ ተጠምጥሞበት "ተነሣች! ተነሣች!" እያለ ወደ ቤት ሮጠ።

ሃይሚ ካሜራውን ተቀብላ ፎቶዎቹን እያሳለፈች ለእናቷ አሳየቻቸው። እማማ ዙፋን ዓይናቸውን አጠበቡ።

"ይኸ ሁሉ ዓይን ነው?"

"ልጆቿ ናቸው፣ እማማ" አለ ባየልኝ። "እነሱን በአፏ ይዛ እህል አትቀምስም። የሰጠኋትን ሁሉ ትታዋለች።"

"አትበላም?"

"ምንም።"

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "አዬ እኔ! ሳምንቱን ሙሉ ጿሚ አማሁ!"

ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጡና ሣጥኑ ላይ አጎነበሱ። ጥላቸው ሲያርፍባት ወይዘሮ ደንግጣ አፏን ከፈተች፤ ግልገሎቹ ተሽቀዳድመው ገቡ።

"ደብቂያቸው እቴ" አሉ እማማ ዙፋን፤ "እንደኔ ካለው አፍ ደብቂያቸው።"