ለሁለት ጣት የተሠራ ሞተር

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «መጋረጃ» ካለች፣ ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊ ትመስለዋለች። እሷ ግን የምትነድፈው በቁልፍ የሚወጣና የሚወርድ የመስኮት መጋረጃን የሚያሽከረክረውን ሞተር ነው፤ ጨርቁ በሚጠቀለልበት ቱቦ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚገባ ቀጭን ነገር። አለቃዋ አዲስ ሞተር ባስነሳች ቁጥር ጆሮውን ያስጠጋና፣ «ይሄማ ወፍጮ ቤት ነው! የደንበኛን ሕፃን ልትቀሰቅሺብኝ ነው?» ይላታል። እሷም በውስጡ የሚሽከረከረውን የብረት ጥርስ አውጥታ በፕላስቲክ ትተካለች፣ ቅባት ትለውጣለች፣ ድምፁ እስኪጠፋ ትታገለዋለች። አንዴ ከያዘች ስለማትለቅ ባልደረቦቿ «ፍሬን» ብለው ይጠሯታል።

ግትርነቱን የወረሰችው ከአባቷ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ድምፁ ከጡሩምባ የማይተናነስ፣ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳበት እንኳ የሰው እገዛ የማይወድ። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ ጎኑ በድን ሆኗል፣ አንደበቱ ተዘግቷል፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ወርዷል። የቀሩለት ዓይኖቹና የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ነበሩ።

አልጋው መንገዱን ከሚያየው መስኮት ሥር ተደረገለት። እናቷ በየጠዋቱ መጋረጃውን እስከ ላይ ትጠቀልለዋለች። «ብርሃን ለበሽተኛ ግማሽ መድኃኒት ነው» ትላለች። ከመንገዱ ማዶ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ አባቷ መሪ ያስጨበጣቸው ሹፌሮች እዚያ ስለሚውሉ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ያውለበልባሉ። «ጋሼ! እንዴት አደርክ? አይዞህ፣ ትነሳለህ!» እሱ ያቃስታል። እናት ፈገግ ብላ፣ «አያችሁ፣ ሰላም ሲላችሁ ነው» ትላቸዋለች።

ልጅቷ ደግሞ ማቃሰቱን በራሷ መንገድ ተረጎመችው። ያን የመሰለ ሰው የሰው እጅ ጠባቂ ሆኖ! መጋረጃውን ራሱ መክፈት አምሮት ነው አለች። ከሥራ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ እየቀረች አንድ ሞተር ነደፈችለት። ቁልፉን ሰፊና ልስልስ፣ በሁለት ጣት ብቻ የሚጫኑት አደረገችው። ጨርቁ በራሱ ክብደት እንዳይንሸራተት፣ ሞተሩ ሲቆም ጥርሶቹ እንዲቆላለፉ አደረገች። ከዚያ በኋላ መጋረጃውን በእጅ መጠቅለል አይቻልም። ማን ይጠቀልለዋል ብላ አለፈችው።

በገጠመችለት ቀን እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ልጅቷ ጣቶቹን ቁልፉ ላይ አኖረችለት።

«በል አባዬ፣ ያንተ ነው።»

መጋረጃው ከላይ ነበር። አባቷ ተጫነ። ሞተሩ ትንፋሽ የማታህል ድምፅ አሰማና ጨርቁ ወረደ፣ ወረደ፣ ክፍሉ ጨለመ።

«ተሳስቶ ነው» አለች እናት።

አልተሳሳተም። በማግስቱም በሚቀጥለው ሳምንትም አልከፈተውም፤ ቁልፉንም ከጣቶቹ ሥር አላስለቅቅም አለ።

ብቻቸውን ሲሆኑ ጠየቀችው። አዎ ለማለት ዓይኑን መጨፈን ተምሯል። «አባዬ፣ ብርሃኑ ነው የሚያስጠላህ?» ዓይኑን አልጨፈነም። «ሰዎቹ ናቸው? እንዲህ ሆነህ እንዲያዩህ አትፈልግም?» ጨፈነ። ጨፍኖም ቆየ፤ ከሽፋሽፍቱ ሥር እንባ ወረደ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ እንደ ሱቅ ዕቃ መስኮት ላይ አስቀምጠውት ኖሯል።

ይህንኑ ለእናቷ ነገረቻት። «እኔስ?» አለች እናቷ። «አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ጨለማ ውስጥ የማገላብጠው፣ የማጥበው፣ የማጎርሰው እኔ ነኝ። በቁሜ ቀበራችሁኝ እኮ።»

«መብራት አብሪ፣ እማዬ።»

«መብራት ሰው አይሆንም፣ ልጄ። ለእኔም አንድ ቁልፍ አድርጊልኝ።»

«እሺ» አለቻት፤ አላደረገችውም። ሁለተኛ ቁልፍ ከመጣ የእሱ ቁልፍ መጫወቻ ሆኖ ይቀራል ብላ ፈራች። እናቷም ደግማ አልጠየቀቻትም።

አንድ ቀን ከፋብሪካ ስትመለስ ገና በሩ ላይ ሳለች ሞተሩ ሲያፏጭ ሰማች። ሮጣ ገባች። እናቷ ወንበር ላይ ወጥታ ቱቦውን በሁለት እጇ ጨብጣ በግድ ጠምዝዛዋለች፤ የሞተሩን ጥርሶች ፈጭታ፣ መጋረጃውን ከላይ በገመድ አስራዋለች። ፀሐይ ክፍሉን ሞልታዋለች። አባቷ ቁልፉን ይጫናል፣ ሞተሩ ባዶውን ይዞራል፣ ጨርቁ ንቅንቅ አይልም። ከማዶ ሹፌሮቹ፣ «ጋሼ! ጠፋህብን እኮ!» እያሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እናቷ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ታለቅሳለች።

«ሰው ናፈቀኝ» አለች።

ልጅቷ ገመዱን በቢላዋ በጠሰችው። መጋረጃው ዱብ ብሎ ወረደ። የአባቷ ጣቶች ግን መጫናቸውን አልተዉም፤ እጁን ይዛ ከቁልፉ ላይ ማንሳት ነበረባት።

ሞተሩን ፈትታ ፋብሪካ ወሰደችው። ድምፅ እንዳይኖረው ብላ የመረጠችው ፕላስቲክ ተፈጭቶ ዱቄት ሆኗል። እንዴት አድርጌ ላጠንክረው እያለች ንድፉን ስታይ ነው ድንገት ብዕሯን ያስቀመጠችው። አልጋውን ማዞር ይቻል ነበር። ከበሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ በኩል ቢያደርጉት ከመንገድ ማንም አያየውም፤ እናቷም መስኮቷን ታገኛለች። ለዚህ ሞተር አያስፈልግም፤ ሁለት ሰው ይበቃል። ይህን ያህል ጊዜ በጥርስና በሽቦ ስትጨነቅ አንዴም አልመጣላትም።

እናቷ ስትሰማ፣ «እኛ የት ነበርን?» አለች። ለእሑድ ተቀጣጠሩ፤ ጎረቤትም እንዲያግዛቸው ተነገረው። ቅዳሜ የአባቷ ትንፋሽ ከበደ። ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ነበር። ሆስፒታል ደርሰው ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ሹፌሮቹ ለቅሶ ሊደርሱ ተሰብስበው መጡ። አንዱ፣ አባቷ ከረዳትነት አንስቶ ሹፌር ያደረገው፣ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ «ጋሼ እኮ ሰው ወዳድ ነበር» አለ። «እዚህ ተኝቶ እንኳ በመስኮቱ ሰላም ሳይለን አይውልም ነበር።»

እናት፣ «አዎ፣ ሰው ይወድ ነበር» አለች።

ልጅቷ ተነስታ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ሄደች። እናቷ ተከትላት ገባች።

«ሌላ ምን ልበላቸው?»

«ምንም፣ እማዬ።»

ቧንቧውን ከፈተችው። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታደርቃለች፤ ከሳሎን የሹፌሮቹ ወሬ ይሰማል።