የዳሊ አረንጓዴ ክር

ጂንካ፣ እናቴ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ የአቡጀዲ ጥልፍ አለ። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ የሠራሁት ነው። አራት ቦታ ተከፍሎ አራቱ ወቅቶች ተጠልፈውበታል፤ ቢጫው ደብዝዟል፣ ሰማያዊው ወደ ግራጫ ሄዷል። የክረምቱ ቅጠል ክር ግን እስከ ዛሬ ጨርቁ ላይ አልተኛም፣ እንደተጨማደደ ነው። እንግዳ ሲያደንቀው እናቴ በኩራት "የልጄ እጅ ነው" ትላለች። እኔ ስኒ ለመሰብሰብ እነሳለሁ።

ያኔ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜያችን ዓርብ ከሰዓት ነበር። ክፍሉ አዲስ አቡጀዲ፣ የካርቦን ወረቀትና እርጥብ ዩኒፎርም ይሸታል። መምህርታችን የጥልፍን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ገልብጣ የምታይ ሴት ነበረች፤ ቋጠሮ ካገኘች ማስመሪያው ጣታችን ላይ ያርፋል። በዚያ ዓመት ለወላጆች ቀን አራቱን ወቅቶች ጥለፉ አለችን። ከሁሉ የበለጠው አንድ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ተባለ። አባቶቻችን ከሰሜን መጥተው ጂንካ ላይ ሱቅና ቢሮ የያዙት እኛ፣ ወቅቶቹን ከመጽሐፉ በካርቦን ገለበጥን። መስከረም አደይ አበባ፣ ሐምሌ ዝናብ። እንደ መጽሐፉ ሜዳ ሙሉ አደይ አበባ በዓይኑ ያየ ከመሀላችን አልነበረም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ዳሊ ነበረች። ከዲመካ ወዲያ ካለ የሐመር መንደር መጥታ፣ ጂንካ ዘመድ ቤት እየኖረች ትማር ነበር። ካርቦን ስላልነበራት በእርሳስ ራሷ ሣለችው። ሚያዝያ ላይ ዝናብና የማሽላ ቡቃያ አደረገች፤ ነሐሴ ላይ የደረቀ ወንዝ፣ አሸዋውን ቆፍራ በቅል ውሃ የምትጨልፍ ልጅ። እናቷ ቅቤ ሸጣ የላከችላት አረንጓዴ ክር ነበራት፣ ማናችንም ጋ ያልነበረ ዓይነት። እየጠለፈች ሳለ፣ አባቷ ሊድራት ቃል እንደሰጠና እናቷ በወላጆች ቀን ልትወስዳት እንደምትመጣ ነገረችኝ።

"እናቴ ካርዴን ማንበብ አትችልም" አለችኝ። "ይሄን ግን ታነበዋለች። ካነበበች እንድማር ትተወኛለች።"

መምህርቷ የዳሊን ጨርቅ አንስታ ገለበጠችው፤ ቋጠሮ አጣች። ይሄ ይሰቀላል አለች። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። እጄን አወጣሁና "ቲቸር፣ ክረምቷ ዝናብ የለውም" አልኩ። ሚያዝያን በጭቃ እየተንቦራጨቅን ያደግን ልጆች ነን፤ ዳሊ ልክ እንደሆነች አሳምሬ አውቅ ነበር። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ መጽሐፉን ገለጠች፣ ጨርቁን አየች፣ ፊቷ ጠቆረ። ዳሊ ተነስታ እኛ አገር እንዲህ ነው ብትል፣ የእናንተ አገር ከኢትዮጵያ ውጭ ነው ወይ ብላ አስቀመጠቻት። ከዚያ እንድተረትረው መቀሱን ለእኔ ሰጠችኝ።

ተረተርኩት። ደወሉ ሳይደወል ጨረስኩ፤ መጀመሪያ ዝናቡን፣ ከዚያ ማሽላውን፣ በመጨረሻ ልጅቷን። ዳሊ አላለቀሰችም፣ እጄን ብቻ ታይ ነበር። ክሩ እንዳይባክን ተብሎ አረንጓዴው ለእኔ ተሰጠ፤ የራሴ ክር ክረምቱ ጋ ሲደርስ አልቆብኝ ነበር። በእሷ ክር ጨረስኩትና የእኔ ተሰቀለ።

ትልልቆቹ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይሉን ነበር። ውሸት ነው፣ እኔን አድምቆኛል። በወላጆች ቀን ተጨበጨበልኝ፣ እናቴ እልል አለች። የዳሊ እናት ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር ተሠርታ፣ ለትልቅ ቀን እንደሚደረገው አጊጣ መጣች። ግድግዳው ፊት ቆማ ስታይ ቆየችና ጣቷን የክረምቱ ቅጠል ላይ አሳረፈች። ክሩን አወቀችው። በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀቻት። ዳሊ ባዶውን አቡጀዲ ከደብተሯ መሀል አውጥታ ዘረጋችላት። እናትየዋ የመርፌውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ዳሰሰች። የሚነበብ ነገር አልነበረበትም። ሰኞ ስንገባ የዳሊ ቦታ ባዶ ነበር፤ እኔም ሰፋ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ግብርና ቢሮ ነው የምሠራው። በየስብሰባው የቆላውን የዝናብ ወቅት በፕሮጀክተር አሳያለሁ፦ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ። የዳሊ ጨርቅ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። በገዛ እጄ የተረተርኩትን እያስተማርኩ እንጀራ እበላለሁ።

አምና ለሥራ ዲመካ ሄጄ ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘኋት። ማሽላ ዘርግታ ተቀምጣለች። ወዲያው አወቀችኝ። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አላስጨረሰችኝም፤ ክሩ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። እናቴ ቤት አለ አልኳት። የእሷ እናት ከሞተች ቆይታለች።

"ከእሷ የቀረ ሌላ ነገር የለኝም" አለች። "ተርትረሽ አምጪልኝ።"

እሺ አልኳት። ጂንካ እንደተመለስኩ ጥልፉን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስቼ መቀስ ያዝኩ። እናቴ ደረሰችብኝ። ምን ልታደርጊ ነው፣ ከልጅነትሽ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው አለችኝ። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ራሷ ትተረትረው ነበር። አልነገርኳትም። መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ዲመካ ሥራ ሲኖረኝ ቅዳሜ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ። ያኔ የሰው አራት ወቅት ለመተርተር አንድ ክፍለ ጊዜ በቅቶኝ ነበር። አሁን ለአንድ ቅጠል ዓመት አልበቃኝም።