ባልደራሱ ያልሳላት ልጅ

አባቴ የአንድ የፈረስ ግልቢያ ማሠልጠኛ ባልደራስ ነበር። ፈረሶቹን ይቀልባል፣ ያጥባል፣ ይጭናል፤ ጀማሪ ሲወድቅ ደግሞ ደግፎ ያነሣውና አቧራውን ያራግፍለታል። ከዚያ ከሰል ይዞ ይገባና የወደቀውን ሰው የመኖ ክፍሉ የጣውላ ግድግዳ ላይ ይስለዋል።

እዚያ ግድግዳ ላይ ማንም አያምርም። የባንክ ሥራ አስኪያጁ የፈረሱ አንገት ላይ ጥምጥም ብሎ፣ ከመንገድ የመጣች አክስቱን የሚስም ይመስላል። አንድ የትምህርት ቤት አስተማሪ ስለ ግልቢያ የተጻፈ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ነበር የመጣው፤ ስለዚህ እሱ መሬት ላይ ተዘርሮ ፈረሱ መጽሐፉን ያነባል። የጥርስ ሐኪሟ አፏን ከፍታ ስትጮህ፣ ፈረሱ ጎንበስ ብሎ ጥርሷን ይመረምራል። ፈረሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ነው ያላቸው፤ «ዛሬም መጡብን» የሚል።

መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ይቆጡ ነበር። ሥራ አስኪያጁማ አባቴን ለማስባረር ቢሮ ድረስ ገብቷል። በሳምንቱ ግን ሚስቱን ይዞ መጣና ራሱን በጣቱ እያመለከተ አሳያት። ውሎ አድሮ ግድግዳው ላይ መውጣት እንደ ማዕረግ ተቆጠረ፤ ያልወደቀ ሰው ቅር ይለው ጀመር። አንድ ልብስ ሰፊ ለመሳል ብሎ ሆን ብሎ ተንሸራተተ። አባቴ «ወረድክ እንጂ አልወደቅክም» ብሎ ከለከለው። በሥራው ቀልድ አያውቅም። ሕጉም አንድ ነበር፤ በዓይኑ ያላየውን አይስልም።

ያ ክፍል ዛሬም ይናፍቀኛል። ገብስና እርጥብ ቆዳ ይሸታል። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ሲስል ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ እናያለን፤ ማን እንደሚወጣ ለማወቅ ግን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።

እኔ የወደቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያውም እትዬ ከምንላት ከአሮጊቷ ባዝራ ላይ። ከእትዬ ላይ መውደቅ ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል። ክንዴ ተሰበረ። በጀሶ ታስሬ ስመለስ ሕመሜን ረስቼ ወደ መኖ ክፍሉ ሮጥኩ። የለሁም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም የለሁም። ልጠይቀው ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ለሳቅ እንኳን የማልበቃ ልጅ ነኝ ብዬ ደመደምኩና ሁለተኛ ፈረስ ላይ ሳልወጣ ቀረሁ። ይህን ቂም ሠላሳ አንድ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ሲወራ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ባለፈው ወር የማሠልጠኛው አዲስ ባለቤት የመኖ ክፍሉን ነጭ ቀለም ሊያስቀባው መሆኑን ሰማን። አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ጉልበቱም እንደ ድሮው አይደለም። ውሰጂኝ አለኝና ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። በየሥዕሉ ፊት እየቆመ፣ ይኼኛው አረፈ፣ ያኛው አያት ሆነ እያለ አስጎበኘኝ። የእኔ ዓይን ግን አሁንም ራሴን ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ እኔን ለምን አልሳልከኝም?»

ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስትወድቂ አላየሁማ፣ ልጄ» አለኝ። «እትዬ ስትደናቀፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው መሬት ላይ ነበርሽ።»

ያን ሁሉ ሰው ሲወድቅ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያየ ሰው ነው። አለቀስኩ፤ እሱ ፊት ማልቀሴም አላሳፈረኝም።

እሱ ግን ከሰል ይፈልግ ነበር። በሩ አጠገብ አንድ ባዶ ሰፊ ጣውላ አገኘና ረጅም ጊዜ ወስዶ ሳለ። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ አየሁ። አንድ ቀጭን ባልደራስ ጉልበቱ ተብረክርኮ፣ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ ቆሟል። እትዬ አጠገቡ ሆና በአዘኔታ ታየዋለች። እኔ የለሁበትም። በዓይኑ ያላየውን ሲስል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቀለም ቀቢው ሲደርስ፣ እኔ ባለቤቱን አስፈቅጄ ጣውላ የሚነቅል አናጢ ይዤ ቀድሜው መጥቼ ነበር።