ዓርብ ቀን የወለደችው እስስት

ተጓዦቹ እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ያለ አስተማሪ ማንበብ የለመድሁ የዳንግላ ሰው፤ ልጄ ዓለሙ፣ አዲስ አበባ በአራዊት ማቆያ የሚሠራ፤ የጭነት መኪናው ሾፌር አቶ በላቸው፤ አራተኛዋ፣ ዓለሙ ከጓሯችን አጥር ላይ አንሥቶ ቅርጫት ውስጥ ያስገባት እርጉዝ እስስት።

ዳንግላ፣ ዓርብ ንጋት

ብርዱ አጥንት ይገባል። አቶ በላቸው ቅርጫቱን ገልጦ አየና እጁን ሰበሰበ። ለእኔና ለዓለሙ ብር ብር፣ ለእስስቷ ስሙኒ ተቀብሎ ጋቢና አስገባን።

ሰው ባየው ቁጥር የሚገድለውን እንስሳ መንከባከብ ለምን እንዳስፈለገ ልጄን ጠየቅሁት። ከዱር የመጡት ቶሎ እንደሚሞቱ፣ ማቆያው ውስጥ የተወለዱት ግን ቦታውን እንደሚለምዱ፣ እነሱ ከተዋለዱ ደግሞ ከዱር መውሰድ እንደሚቀር ነገረኝ። የዚህች ዓይነቷ እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች ሲል ግን አላመንሁትም።

አዲስ ቅዳም ከተማ፣ ረፋድ

መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል።

«ዛፉ ሲያልቅስ?» አልሁት።

«ያን ጊዜ ዘሯ እኛ ዘንድ ይቆያል፣ አባባ።»

ቤቷን አክስሎ ዘሯን ማኖር ግማሽ ሥራ ነው አልሁት። አልካደም።

እስስቷ ጠቁራለች። ዓለሙ ለቀለቧ ከያዘው ጠርሙስ ዝንብ ሊያወጣላት ሲል መኪናው ቆመ።

«ዓርብ ቀን በእኔ መኪና ሥጋ አይበላም» አለ አቶ በላቸው።

«ጋሼ፣ ዝንብ እኮ ነው።»

«ታዲያ ዝንብ ጎመን ነው?»

እኔም ከሾፌሩ ጋር ወገንሁ፤ ከሰው መሃል የገባ የሰውን ሥርዓት ይጠብቅ ባይ ነኝ። ዓለሙ እስስቷ ካልበላች እሷም ጽንሱም እንደሚጠፉ ተናገረ፤ ሾፌሩ ግን አልነሣም ሲል ጠርሙሱን በመስኮት አውጥቶ ዝንቦቹን ለቀቀ።

ቆሰበር መቃረቢያ

ቅርጫቱ ውስጥ የክብሪት እንጨት የሚያህል ነገር ጠብ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ ብዙ። ቀጭን ሽፋናቸውን ቀድደው ወጡና ጭራሮውን ጨበጡ። እናትየው ግን ዓይኗን ጨፍና ተዘረጋች።

አቶ በላቸው መኪናውን ዳር አስይዞ አጎነበሰ።

«አባቴ፣ እርስዎ ሥርዓት ያውቃሉ» አለኝ። «አራስ ትጾማለች?»

«አራስ አትጾምም።»

ወርዶ መንገድ ላይ ከቆመች የጭነት በቅሎ ዙሪያ በባርኔጣው ዝንብ ያድን ጀመር። ባለ በቅሎው ሲስቅበት፣ «አራስ ይዘናል!» ብሎ ተቆጣው።

ቆሰበር፣ ከቀትር በኋላ

እናትየው የመጀመሪያውን ዝንብ ሳትነካ አሳለፈች። ሁለተኛውን ምላሷ ወስዶት አየን።

ዓለሙ ቅርጫቱን አቅፎ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ፍለጋ ሄደ። ሳይሄድ አቶ በላቸው ስሙኒዋን እጁ ላይ አኖረለት፤ «የአራስ መጠየቂያ» ብሎ።

እስከዚህ ድረስ ጉዞው ለሁላችንም ያስወጣን ሁለት ብር ብቻ ነው።