የእትዬ አስካለ ቡና ቤት እና የእኔ እርሳስ

ሰኞ፣ አዲስ አበባ፣ ሳይነጋ

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ገና አልነጋም። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ሹራብና ሁለት ካልሲ አለ፤ የቀረው ሁሉ የጽሕፈት ዕቃ ነው። እርሳሶች፣ መቅረጫ ምላጭ፣ ባለ መስመር ወረቀት፣ ጉልበቴ ላይ የማደርጋት ቀጭን ጣውላ። እስክሪብቶ አልወድም፤ ሰውን ያጣድፋል። ቤቴ ተቀምጬም ጽፌ አላውቅም። ጸጥታ ያስተኛኛል። እኔ የምጽፈው ስኒ ሲንኳኳ፣ ሰው ሲከራከር፣ አስተናጋጇ ሂሳብ ስትጠራ ነው። የመጀመሪያውን ቡና ዝም ብዬ እጠጣለሁ፤ ሁለተኛው ሲመጣ እጀምራለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ ባሌ የምሄደው አንድ ወዳጄ በተናገረኝ ነገር ነው። የጀመርኩትን ልቦለድ ሰጥቼው አንብቦ፣ “ታሪኩ ደህና ነው፤ ሰዎችህ ግን ሁሉም እንደ ሬዲዮ ነው የሚያወሩት” አለኝ። አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ግን ልክ ነበር። ባለታሪኬ የጎባ ከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እኔ ደግሞ ከሹፌር ጋር ተቀምጬ ሻይ እንኳን ጠጥቼ አላውቅም። የሰው አነጋገር ከዚህ ጉዞ ይዤ ካልተመለስኩ ልቦለዱን እተወዋለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

ማክሰኞ፣ ከሻሸመኔ እስከ ጎባ

ሻሸመኔ አድረን ማለዳ ተነሳን። ዶዶላ ላይ ቁርስ፣ አዳባ ላይ የተቆላ ገብስ በወረቀት ጥቅልል። መንገዱ አቧራ፣ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ። ኬላው ላይ ሚሊሺያው ሻንጣዬን ከፍቶ ወረቀቱን አገላበጠ።

“ምንድነው ይሄ ሁሉ?”

“ወረቀት ነው።”

“ምን ሊጻፍበት?”

“ልቦለድ።”

እኔንም ወረቀቱንም አየና፣ “ባዶ ከሆነ እለፍ” አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ዲንሾን አልፈን ሮቤ ስንወርድ ብርዱ በሱሪዬ ገባ። ሮቤ ላይ ወደ ጎባ የሚሄድ መኪና ስፈልግ ከድር የሚባል ሹፌር ጋቢና ውስጥ አስገባኝ። ጣውላ የሚጭን አሮጌ ከባድ መኪና ነው፤ የጎን መስታወቱ በሽቦ ታስሯል። ከድር ጎባ እስክንደርስ አፉን አልዘጋም። በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ያስረዳል። ልቤ በደስታ ዘለለ። ባለታሪኬ ነፍስ ዘርቶ አጠገቤ ተቀምጧል!

“ቡና ከፈለግህ እትዬ አስካለ ጋ ሂድ። ጎባ ውስጥ ወሬ ያለው እዚያ ነው” ብሎ አወረደኝ።

ረቡዕ፣ እትዬ አስካለ ዘንድ

በሕይወቴ ብዙ ቡና ቤት ገብቼ ጽፌያለሁ። ፒያሳ ያለውን ማሽኑ የሚጮኸውን፣ ለገሀር ያለውን ወንበሩ የሚወዛወዘውን እወዳቸዋለሁ። የእትዬ አስካለን ያህል የወደድኩት ግን የለም። ጠባብ ቤት ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም፣ ከጓዳ የሚመጣ የእሳት ሙቀት። የሆስፒታል ሠራተኞች ሥራ ከመግባታቸው በፊት ይመጣሉ፤ ሹፌሮች ሞተር እስኪሞቅላቸው ይቀመጣሉ። ከተራራው ማዶ ካለችው ከሪራ መንደር ማር የሚያመጡት ሽማግሌ ኦቦ ሁሴን በሩ አጠገብ ናቸው። “አካም ቡልተን”፣ እንዴት አደራችሁ፣ የማይሉት ሰው የለም።

እኔ ጥጉን ያዝኩ። ጀርባዬን ለግድግዳ፣ ፊቴን ለበሩ፤ ልማዴ ነው፣ የሚገባውን ሰው ማየት አለብኝ። ሁለተኛው ቡና መጣ። እርሳሴን አወጣሁ። በዚያ ጠዋት ብቻ ወር ሙሉ ያልጻፍኩትን ጻፍኩ። የስኳር ራሽን ነገር ሲነሳ ከድር፣ “የዛሬ ስኳር እኮ እንደ ተፋታ ባል ነው። በወር አንዴ ልጆቹን ሊያይ ይመጣና ሳይቀመጥ ይሄዳል” አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅሁ ቃል በቃል አሰፈርኳት።

ዓርብ፣ በሳነቴ ወደ ሪራ

ከድር ወደ ሪራ ይዞኝ ወጣ። ሳነቴ አምባ ላይ ጉም ነው፤ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል። የደነዘዘ ጣቴን ብብቴ ውስጥ እያሞቅሁ እጽፋለሁ። እሱ ስለ ሚስቱ ያወራል፤ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይወሰድበት ስለ መስጋቱ ያወራል። አንድ ጊዜ ብቻ ዘወር ብሎ፣ “የሸገር ልጅ፣ ይሄን ሁሉ የምትጽፈው ለምንህ ነው?” አለኝ።

“ለሥራዬ ነው።”

“እሺ” አለ። ከዚያ በኋላ ከሪራ በፊት እስካለው ጫካ ድረስ ስለ መንገዱ ብቻ አወራ። ያን ጊዜ አልነቃሁም፤ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ሪራ ላይ ማር በገብስ ቂጣ በላን፤ ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ሰኞ፣ ጎባ

ቤቱ ቀዝቅዟል። እሳቱ አለ፣ ሰው የለም። የመጡትም፣ የገበሬዎች ማኅበሩ ምርት እንደጨመረ፣ መንገድ እንደሚሠራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይነጋገራሉ። ወደ እኔ ሰረቅ አድርገው አይተው ይቀጥላሉ። ምን ነካቸው? እዚህም ሬዲዮ? እርሳሴን አስቀመጥኩ።

እትዬ አስካለ ስኒውን ሊያነሱ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

“ልጄ፣ ልንገርህ ወይስ ዝም ልበል?”

“ይንገሩኝ እንጂ፣ እትዬ።”

“ጆሮ ጠቢ ነው ይሉሃል። ፊትህን ወደ በሩ አድርገህ ትቀመጣለህ። ሰው ሲገባ ቀና ትላለህ። ሲያወራ ትጽፋለህ፣ ዝም ሲል ታቆማለህ። ሁሉም ሳይወጣ አትወጣም። እኔ ምን ብዬ ልመልስላቸው?”

እኔ? ከቀበሌ ስብሰባ ተደብቄ ልቦለድ የምጽፈው ሰውዬ? “ደራሲ ነኝ” አልኳቸው።

“እኔማ አምኜሃለሁ። እነሱ ናቸው ማመን ያለባቸው። ደንበኛ ከጠፋብኝ ይሄን ቤት በምን ይዤው እቆያለሁ?”

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና መላ ያገኘሁ መሰለኝ። አነብላቸዋለሁ። ልቦለድ መሆኑን በጆሯቸው ሲሰሙ ያምኑኛል። እንዴት ያለ ቂል ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ ጎባ

ከድር ነበር፤ ኦቦ ሁሴን ነበሩ፤ ሌሎችም ጥቂት ሰዎች። ተነሥቼ ቆምኩ።

“ወንድሞቼ፣ ስለ እኔ የሚባለውን ሰምቻለሁ። እኔ ደራሲ ነኝ። የምጽፈው ይኸውላችሁ፣ ስሙኝ።”

አነበብኩ። ባለታሪኬ በላቸው ይባላል። በላቸው መኪናውን ያስነሳል፣ ቡና ቤት ይገባል፣ ስለ ስኳርና ስለተፋታው ባል ይናገራል። እዚያ ስደርስ የሚስቁ መስሎኝ ቀና አልኩ። ማንም አልሳቀም። ከድር ስኒውን አስቀመጠ።

“ይሄ የእኔ ነው” አለ ቀስ ብሎ።

“አዎ፤ ስምህ ግን የለም። በላቸው ነው ያልኩት።”

“ሹፌር ነው?”

“አዎ።”

“የጎባ?”

“አዎ።”

“መኪናው እንዴት ያለ ነው?”

ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። የጎን መስታወቱ በሽቦ የታሰረ ብዬ ጽፌያለሁ። በዚያች ዓረፍተ ነገር እኮ ስኮራ ነው የሰነበትኩት! ከድር ማቀርቀሬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። “ታዲያ ጎባ ውስጥ ሌላ ማን ቀረ? ስለ ልጄ ያልኩህም አለ?”

“አለ።”

ኦቦ ሁሴን ዱላቸውን ያዙ። “የእኔንም ጽፈሃል፣ ልጄ?”

“የእርስዎንም ጽፌያለሁ።”

“አልሐምዱሊላህ፣ ቡናዬን ጨርሻለሁ” ብለው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከድር እጁን ዘረጋ፤ ወረቀቱን በሙሉ ሰጠሁት። ሳያነብ አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተው። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ምናለ!

እትዬ አስካለ ጠረጴዛውን እየወለወሉ፣ “ቡና የትም አለ፣ ልጄ። ሰው እዚህ የሚመጣው እንደ ልቡ ሊያወራ ነበር” አሉ። ይቅርታ ልል ስጀምር፣ “ሂድ በቃ፣ መኪና እንዳያመልጥህ” አሉኝ። ያ ደግነታቸው ከሁሉ በላይ አመመኝ። ደንበኞቻቸው ተመልሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ጎባ ድጋሚ አልሄድኩም።

ረቡዕ፣ ከሮቤ መልስ

አውቶቡሱ ውስጥ የሼክ ሁሴንን ቅዱስ መቃብር ጎብኝተው የሚመለሱ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ገና ሮቤን ሳንለቅ ከኋላ ላለችው ሴት ስለ ልጃቸው ሠርግ ማውራት ጀመሩ። አማችየው ምን እንዳለ፣ እሳቸው ምን ብለው እንደመለሱለት፣ በሬው ገመድ በጥሶ ድንኳኑ ውስጥ እንዴት እንደገባ። እንዲህ ያለ ወሬ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ዓመት ሙሉ ስፈልገው የነበረው አነጋገር ይሄው ነበር። ሳላስበው እጄ ወደ ደረት ኪሴ ሄደች፤ እርሳሱን ነካሁት። እናትየው እጄን አዩና ንግግራቸውን ገታ አደረጉ።

እጄን ባዶዋን አወጣኋት። “ይቀጥሉ፣ እማማ” አልኳቸው።

ቀጠሉ። ዶዶላ እስክንደርስ አውቶቡሱ ሙሉ ሲስቅ ነበር፤ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሲወርዱ ትከሻዬን መታ አድርገው መረቁኝ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። እናትየው ካሉት አንድም ቃል አልመጣልኝም። ሳቃቸውን ብቻ ነው የማስታውሰው።