ሽማግሌው ከብርድ ልብሱ ሥር ያዩት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ልጄ አስቴር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ ቆማለች... ልጅ በገዛ እናቷ ላይ ሽማግሌ ስትልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ።

ሁለቱም የሠፈራችን የበከኒሳ ቀሴ ሰዎች ናቸው። አንደኛው በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡት ጋሽ ይመር ናቸው። ሌላኛውን ኦቦ ቶሌራ እላቸዋለሁ። ትክክለኛ ስማቸው አይደለም፤ ለምን እንደደበቅሁት ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

«አከም ቡልተን፣ ባርሲፍቱ?» አሉ ኦቦ ቶሌራ። ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ፣ ነቀምቴ ግን ዛሬም «ባርሲፍቱ»፣ አስተማሪዋ፣ እያለ ነው የሚጠራኝ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ኦቦ። ግቡ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ቆሎ አቀረብኩ። ጋሽ ይመር ወዲያው መቆርጠም ጀመሩ። ኦቦ ቶሌራ ዘገኑና እጃቸው ላይ ያዙት። «በዚህ ዕድሜዬ አጥንት እሰብራለሁ» እያሉ በየድግሱ የሚፎክሩ ሰው ናቸው፤ ለሽምግልናው ክብር ብለው መሰለኝ።

ክሱ ስለ ቴምብሮቼ ነው። ከዓመታት ጀምሮ የፖስታ ቴምብር እሰበስባለሁ፤ አብዛኛውን ውጭ አገር የሄዱ ተማሪዎቼ ናቸው የላኩልኝ። አስቴር በቀደም ከምትኖርበት ከዲጋ ስትመጣ በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ከሥር ሐምራዊ መብራት አብርቼ አገኘችኝ። ቀጥሎ አልበሙን ገለጠች። ያቺው ሰማያዊ ወፍ ገጽ ሙሉ... በሚቀጥለውም ገጽ ያቺው ወፍ። ልጄ አለቀሰች። የእናቷ አእምሮ የሄደ መስሏታል።

«አብሽሩ፣ እትዬ» አሉ ጋሽ ይመር። «አንዲት ወፍ ይህን ሁሉ ምን ያደርግልዎታል? ከየዓይነቱ አንዳንድ ያስቀሩና የቀረው ይቃጠል። ልጅትዋም እንቅልፍ ታግኝ።»

«እሱማ ከየዓይነቱ አንዳንድ ነው ያስቀመጥኩት።»

«እማዬ፣ አንድ ዓይነት እኮ ናቸው!» አለች አስቴር።

«ሳያይ የሚፈርድ ተማሪ ከእኔ ክፍል ዜሮ ይዞ ነው የሚወጣው። አንቺም ታውቂዋለሽ። አላቃጥልም!»

አስረዳኋቸው። በውጭ አገር ደብዳቤ የሚለየው ማሽን ነው። ማሽኑ ቴምብሩ የት እንደተለጠፈ እንዲያውቅ፣ ፖስታ ቤቶቹ ለዓይን የማይታይ፣ በዚህ መብራት ብቻ የሚያበራ ቀለም ይቀቡታል። ያቺው ወፍ አንዴ በሁለቱም ዳር ትቀባለች፣ አንዴ መሃሏ ላይ ብቻ፣ አንዴ ደግሞ ተረስታ ትታተማለች። ወረቀቱም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ይጨልማል። መብራቱ ባንክ ቤት ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት ነው።

የአስቴር ዓይን እንደገና እንባ አቀረረ።

«እንግዲያው ዳኛው ይይ» አልኩና ብርድ ልብሴን አመጣሁ። ነጭ ጋቢ አይሆንም፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ጨርቅ ራሱ ያበራል። «ኦቦ ቶሌራ፣ ይምጡ።»

እያንገራገሩ ጎንበስ አሉ። ሁለታችንም ተከናነብን። መብራቱን አበራሁ።

ወፎቹ ጎን ለጎን ነበሩ። አንዷ ሁለት መስመር አበራች። ሌላዋ አንድ። ሦስተኛዋ ድርግም እንዳለች ቀረች።

«ያ ዋቅ!» አሉ ኦቦ ቶሌራ፣ አምላካቸውን ጠርተው። «እውነትም ይለያያሉ!» ደስ ብሏቸው ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ...

የፊት ጥርሳቸው አልነበረም። ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ መሃሉ ግን ጨለማ ነው፣ እንደ ተከፈተ በር።

መጀመሪያ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«ባርሲፍቱ... ጥርስዎ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያበራው?»

«የራሴ ስለሆነ ነው፣ ኦቦ። ሰው ሠራሽ ጥርስ በፀሐይ ሲያዩት ያው ነው። እዚህ ግን አያበራም።»

አፋቸውን ገጠሙ። በእጃቸውም ሸፈኑት።

«ምን ታየ?» አሉ ጋሽ ይመር ከውጭ። «እኔም ልግባ እንጂ!»

«ማሎ፣ ሃዳ ኮ...» ብለው በሹክሹክታ ለመኑኝ ኦቦ ቶሌራ፤ እባክሽ እናቴ ማለታቸው ነው። በዕድሜ ቢበልጡኝ እንጂ አያንሱም።

«እኔ ያየሁት ወፍ ነው» አልኳቸው።

ብርድ ልብሱን ገፈው ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከንፈራቸውን እምብዛም ሳይከፍቱ ፈረዱ።

«አስቴር፣ የእናትሽ አእምሮ ከእኔና ከአንቺ ይሻላል። ወፎቹ አንድ አይደሉም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእንግዲህ የባርሲፍቱን አልበም የሚነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

«እኔስ ሳላይ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«አንተ ቆሎህን ብላ!» አሏቸውና በእጃቸው ይዘውት የቆዩትን ቆሎ ሁሉ ጋሽ ይመር መዳፍ ላይ ገለበጡላቸው።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ አስቴር አጠገቤ ተቀመጠች። «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን አሳየሻቸው?»

«ገብተሽ እይ» አልኩና ብርድ ልብሱን ከፍ አደረግኩላት። ትንሽ አመነታች... ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

አልበሞቼ ይኸው በቦታቸው ናቸው፤ አንዲት ወፍ አልጎደለችም። ሌላ ሽማግሌ የሚልክብኝ ካለ ይላክ፣ መብራቴ ቻርጅ ላይ ነው።